ጀንበሯንም እራቱንም? ስለ ዛንዚባር የማታ ጀልባ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ላይ፣ ጥር ወር ዛንዚባር ሄደን ጀንበር ስትጠልቅ በሸራ ጀልባ ወጥተን እራት እንደበላን በሁለት መስመር ነክቼ አልፌ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ግን ሌላውን ሁሉ ስለበለጠ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለሱ ለቅቄዋለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አራት ሆነዋል። ስማችን አይውጣ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ የሁላችሁንም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ለጫጉላ ዛንዚባር አስበናል። እጮኛዬ ኢንስታግራም ላይ ያየችው ነገር አለ፣ ነጭ ሸራ ያላት ጀልባ፣ ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ ከኋላ ቀይ ፀሐይ፣ እሱን ካላደረግን ሄድኩ አልልም ብላኛለች። ሆቴል በምስራቅ በኩል ፓጄ የሚባል ቦታ በጥሩ ዋጋ አግኝተናል፣ ኤጀንቱ ደሞ ሰንሴት ዲነር ክሩዙን ጨምሬ ፓኬጅ ልስራላችሁ፣ አሁኑኑ ክፈሉ ይላል። እንቀበል? ምን ምን ብለን እንጠይቀው? (ሙሽራው፣ ከገርጂ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! እጮኛህ የተመኘችው ነገር የሚያስመኝ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሸራው ተወጥሮ ውሃው እንጨቱን ሲመታ ብቻ እየሰማህ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ፀሐይ ስትገባ ማየት፣ እኔ ደግሜ ባገኘው አልጠላም። ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ተጋጭቶባችኋል፣ ወቅቱና አቅጣጫው።

ወቅቱን ልጀምር። እኛ አገር ሰርግ የሚበዛው ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ዛንዚባር ላይ ደሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው፣ ማሲካ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ላይዘንብ ይችላል፣ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ደስ ብሏችሁ ትውላላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ደመናው ከየት መጣ ሳይባል ይከመርና ጀንበሯን ይሸፍናታል። አንዳንድ ሆቴሎች በዚህ ሰሞን ዘግተው እድሳት ይሰራሉ፣ ያገኛችሁት ጥሩ ዋጋም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ሰርጉ በቀኑ ይሁን፣ ጫጉላውን ግን ፈቃድ ማዛወር ከቻላችሁ ወደ ሰኔ መጨረሻ ወይ ሐምሌ ግፉት፣ እኛ ጋ ሰማዩ ሲጠቁር እዛ ደረቅ ነው፣ ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ የሚሉት ንፋስ ሸራውን ጥሩ አድርጎ ይወጥረዋል አየሩም ቀለል ይላል። ጥርና የካቲትም ቆንጆ ነው፣ ያኔ ደሞ ንፋሱ ከሰሜን ምስራቅ ነው የሚመጣው፣ ካስካዚ ይባላል፣ በድሮ ጊዜ ከአረብና ከህንድ የሚመጡት ነጋዴዎች በካስካዚ መጥተው ቅርንፉዱን ምኑን ጭነው ኩሲ እስኪነሳ ጠብቀው ነበር የሚመለሱት። እናንተ ለሁለት ሰዓት የምትወጡባት ጀልባ የነዛ መርከቦች ታናሽ እህት ናት። ፈቃድ አይዛወርም ካላችሁ ሂዱ፣ ባህሩ ዝናብ ቢኖርም ሞቃት ነው፣ ጀልባውን ግን ከዚህ ሆናችሁ አትክፈሉ፣ እዛው ደርሳችሁ የቀኑን ሰማይ አይታችሁ የዛኑ ቀን ያዙ።

አቅጣጫውን እንይ። ፓጄ ምስራቅ ነው፣ ምስራቅ ላይ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አትገባም! ይሄን ሳያዩ ሆቴል የሚይዙ ብዙ ናቸው፣ ማታ ላይ ፀሐይዋ ከኋላቸው በኮኮናት ዛፉ መሃል ታልፍና ባህሩ በቃ ይጨልማል። ሌላው ደሞ እዛ በኩል ውሃው ሲሸሽ ሩቅ ነው የሚሸሸው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ሲጎድል ሴቶቹ ወደ ውስጥ በእግራቸው ገብተው የባህር ሳር ሲያለሙ ታያለህ፣ ጀልባዎቹም አሸዋው ላይ በጎናቸው ይተኛሉ። ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት የሚኬደው ወይ ሰሜን ጫፍ ኑንጉዊና አጠገቧ ያለችው ኬንድዋ ነው፣ ወይ ደሞ በምዕራብ በኩል ያለችው አሮጌዋ ከተማ ስቶን ታውን። ከፓጄ ስቶን ታውን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰሜኑ ከዛ ይርቃል፣ ማታ ተመልሶ መምጣትም አለ። ሆቴሉን መቀየር ካልቻላችሁ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ለኬንድዋ ተውላት።

አሁን ወደ ጀልባው። ሦስት ዓይነት ነገር በአንድ ስም ይሸጣል፣ ሰንሴት ክሩዝ ይባላል ሁሉም። አንዱ ጃሃዚ የሚሉት ትልቁ የእንጨት ጀልባ ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ያለው፣ እጮኛህ ያየችው እሱ ነው። ሁለተኛው ንጋላዋ ነው፣ ጠባብ፣ በሁለቱም ጎን እንዳይገለበጥ የሚደግፈው እንጨት ያለው፣ ዓሳ አጥማጆቹ የሚጠቀሙበት፣ ሦስት አራት ሰው ይበቃዋል። ሦስተኛው የሞተር ጀልባ ነው፣ ትልቅ ስፒከር ተጭኖበት ሰው የሚጨፍርበት። ኤጀንቱን የቱ ነው ብለህ ጠይቀው፣ ፎቶ ላክልኝ በለው፣ የኢንተርኔት ፎቶ ሳይሆን የጀልባዋን የራሷን።

ጠረጴዛና ሻማ የተባለውን ደሞ እርሱት፣ ያ ፎቶ ለመነሳት ቆማ ነው። ባህር ላይ ስትሄድ ጀልባዋ ትዘማለች፣ ሻማውን ንፋሱ አንድ ደቂቃ አያቆየውም፣ የሚቀመጡት ትራስና ምንጣፍ ላይ ነው፣ ሳህንህ ጭንህ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ልነግርህ የምፈልገው ይሄንን ነው፦ ጀንበሯንና እራቱን ለያዩዋቸው። እኛ አብረን አድርገነው ነው የገባኝ። ዛንዚባር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ወደ ጎን እየተንሸራተተች አይደለም የምትገባው፣ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ቀለሙ መቀየር ከጀመረ ጀምሮ እስኪጨልም ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ታዲያ ጀልባው ላይ ምግብ የሚሰራው ልጅ ልክ ያኔ ነው ከሰሉ ላይ ዓሳውን አንስቶ ያቀረበልን፣ ዓሳው እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር፣ ኮኮናት ተቀብቶ በሎሚና በቃሪያ የተጠበሰ፣ ግን እኔ በስልክ መብራት አጥንት ስለቅም ባለቤቴ "እይ እይ" ሲለኝ ቀና ስል የቀረችው ቀጭን መስመር ብቻ ነበረች። በማግስቱ ከሰዓት ያለ እራት ሌላ ጀልባ ያዝን፣ ፍራፍሬ፣ ቻፓቲና የዝንጅብል ሻይ ብቻ፣ ምንም ሳልሰራ ቁጭ ብዬ አየኋት፣ ፀሐይዋ ውሃውን ስትነካ ከስር ጠፍጠፍ ብላ እንደ ምጣድ ሆነች፣ ከዛ ከባህሩ ማዶ ካለው መንደር አዛኑ ተሰማ፣ ካፒቴኑ ሬዲዮኑን ዘጋው፣ ማንም ምንም አላለም። ከዛ ወርደን እራታችንን አሸዋው ላይ በላን፣ ዓሳውን በመብራት እያየን።

ከስቶን ታውን ከወጣችሁ ደሞ ይሄ እንዲያውም ይቀላል፣ ወደ ባህሩ ዳርቻ ስትመለሱ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ላይ የማታ ገበያው ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል፣ ከሰል ላይ የሚጠበስ ዓሳ፣ ሚሽካኪ የሚሉት በእንጨት የተሰካ ጥብስ፣ በሎሚና በዝንጅብል የተጨመቀ የሸንኮራ ጁስ። የሰፈሩ ልጆች ጀንበር ስትገባ ከግንቡ ላይ እየተገለበጡ ውሃ ውስጥ ሲዘሉ ማየቱ ብቻ ይበቃል። ከጀልባው ላይ ሆናችሁ ከተማዋን ስታዩ ቤት አል አጃይብ የሚሉት ትልቁ ቤተ መንግስት ላይ አንድ በኩል እንደጎደለ ታያላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የተሰራ ነው፣ በ2020 በፈረንጆች ገና ዕለት ነው አንድ ጎኑ የተደረመሰው፣ እኔ ሳየው በጣም ነው ያዘንኩት።

ኤጀንቱን የምትጠይቀው ጥያቄ ስለ ምግቡ ሜኑ አይሁን፣ ስለ ጀልባው ይሁን። ስንት ሰው ነው የሚወጣው? ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አለ ወይ፣ እሱንም ከመውጣታችሁ በፊት ዓይናችሁ ይየው፣ ሰውን ቁጠሩ ጃኬቱን ቁጠሩ። ንፋስ ቢጠፋ ሞተር አለ? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመልሰን? እዛ ደሴት ላይ ባህር ምን እንደሚያደርግ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2011፣ የኛ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ስፓይስ አይላንደር የምትባል ፌሪ ከአቅሟ በላይ ሰው ጭና ወደ ፔምባ ደሴት ስትሄድ በሌሊት ሰጥማ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ያቺ ፌሪ ነበረች፣ የእናንተዋ ትንሽ ናት ከባህሩ ዳርም አትርቅም፣ ግን "ቦታ አለ ግቡ ግቡ" የሚል ሰው ካያችሁ ተመለሱ፣ የከፈላችሁት ብር ይቅር።

የዋጋውን ነገር፣ ባህሩ ዳር ላይ ፓፓሲ የሚባሉ ደላሎች ይከቧችኋል፣ እኛን 50 ዶላር ብሎ የጀመረን ልጅ 30 ላይ ተስማምቷል፣ በሰው ነው፣ ከሌላ አስር ሰው ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል። ሙሉውን ቅድሚያ አትስጡ፣ ግማሹን ስትወጡ ግማሹን ስትመለሱ። በጀታችሁ ላይ ደሞ ይሄን ጨምሩ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የደሴቱን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር፣ በኦንላይን ይከፈላል። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉት፣ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ስልክ ከውሃ ለመከላከል ብለህ ፌስታል እንዳትይዝ፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ዚፕ ያላት ትንሿ ቦርሳ ትሻላለች።

ሰዓቱን ልንገርህና ልጨርስ፣ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማለት ፈረንጅ ሰባት የሚለው ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው መሃል ነው የምትገባው፣ ጀልባውም 10 ተኩል 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። ችግሩ የመጣው ጀልባውን ያስያዘን ልጅ ቴክስት ሲልክልን "11" ብሎ ጻፈ፣ ባለቤቴ እዚህ አገር በፈረንጅ ነው ብሎ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት እየበላን ባህሩ ዳር አቆመን። ሳ ኩሚ ና ሞጃ ጂዮኒ ካሏችሁ በቃ አስራ አንድ ሰዓት ማታ ነው፣ በአማርኛ ስሙት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ተነስተን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ዛንዚባር ልንገናኝ ነው፣ አስራ አንድ ዓመት አልተያየንም፣ የሆነ የማትረሳው ነገር ላደርግላት እፈልጋለሁ። ግን 68 ዓመቷ ነው፣ ባህር አይታ አታውቅም፣ ዋና አይታሰብም፣ ጉልበቷን ያማታል። ደሞ ጿሚ ናት፣ የሙስሊም ሥጋም አትበላም፣ የክሩዙን ሜኑ ልኬላት ሎብስተሩን ስታይ አማተበች። እንዲሁ ይቅር ይሻላል? (የናፈቀች ልጅ)

መልስ፦ አይቅር። አስራ አንድ ዓመት! ይሄን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። ግን በእማማ ልክ እናስተካክለው።

መጀመሪያ የጾሙን ነገር፣ ነሐሴ መጀመሪያ ካላችሁ ፍልሰታ ነው፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ስለዚህ ረቡዕና አርብን ብቻ ማሰብ አይበቃም፣ ሙሉውን የጾም ምግብ ነው የሚያስፈልጋችሁ። እዚህ ላይ ግን ዛንዚባር ከብዙ አገር ትሻላለች ምክንያቱም ግማሹ ምግባቸው በኮኮናት ወተት ነው የሚሰራው፣ ወተት ሲሉሽ የላም እንዳይመስልሽ። በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ አለ፣ ማሃራጌ የሚሉት ቦሎቄ በኮኮናት፣ ምቺቻ የሚሉት ጎመን መሳይ ቅጠል፣ ካሳቫ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አናናስ። ቅመሙም የሷው ነው፣ ኮረሪማ መሳዩ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሽታው ቤቷ ያለች ይመስላታል። ቻፓቲውን ብቻ በምን እንደተጋገረ ጠይቂ፣ አንዳንዴ ሳምሊ ይገባዋል፣ እሱ ቅቤ ነው። ይሄን ደሞ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ፦ "ሲሊ ኛማ፣ ማዚዋ፣ ማያዪ"፣ ሥጋ ወተት እንቁላል አልበላም ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ግን ጀልባው ላይ ወጥተሽ የሚነገር ነገር አይደለም፣ የዛኑ ቀን ጠዋት ገበያ ሳይሄዱ ንገሪያቸው፣ ባህር መሃል ላይ ያለው ያ የተጫነው ምግብ ብቻ ነው።

የሥጋውን ነገር በተመለከተ፣ የደሴቱ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው፣ ስለዚህ ዶሮውም ሚሽካኪውም እማማ አይነኩትም ማለት ነው፣ ከጾሙ ውጪ በሆነ ቀን ዓሳ ይብሉ። ሎብስተር፣ ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕ ክንፍና ቅርፊት የለውም ብለው የሚተዉት ከሆነ (የኔም እናት እንደዛው ነች) ንጉሩ ወይ ቻንጉ ያለው እንደሆነ ጠይቂ፣ ሁለቱም ትክክለኛ ዓሳ ናቸው። አንድ ነገር ደሞ አለ፣ ጀልባው ላይ ያለው ከሰል አንድ ነው፣ ዶሮውም ኦክቶፐሱም ዓሳውም እላዩ ላይ ነው የሚገላበጠው፣ እማማ ይሄን ካዩ በልተው አይጨርሱም፣ ስለዚህ የሳቸውን በፎይል ጠቅልሎ ለብቻ ቀድሞ እንዲያወጣው ንገሪው፣ ልጆቹ ይገባቸዋል፣ እነሱም የማይበሉት ነገር ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ እኔ ስጠይቅ ምግብ የሚሰራው ልጅ "ሃኩና ሺዳ" (ችግር የለም) ብሎ እጁን ታጥቦ ነው የጀመረልኝ፣ ያን አክብሮቱን አልረሳውም።

ከምግቡ በላይ ግን የሚያሳስበኝ አወጣጡ ነው። ኬንድዋና ኑንጉዊ ላይ አብዛኛው ቦታ የጀልባ ማቆሚያ ድልድይ ምናምን የለም፣ ጀልባው ውሃው ውስጥ ይቆማል፣ እስከ ጉልበትሽ፣ ማዕበል ሲመጣ እስከ ጭንሽ ውሃ ውስጥ ሄደሽ በመሰላል ትወጫለሽ፣ መሰላሉም ይወዛወዛል። ለኔ ቀላል ነበር፣ አብረውን የነበሩ አንድ ትልቅ ሴትዮ ግን ሁለት ልጆች ከግራና ከቀኝ ይዘዋቸው ነው የወጡት፣ ሲወርዱ ጨለማ ስለነበረ ይበልጥ ከበዳቸው። ስለዚህ ሄደሽ መሰላሉን እይው፣ ስንት ደረጃ አለው፣ መያዣ አለው ወይ። ትንሽዬ ጀልባ ከዳር አንስታ ወደ ትልቁ የምታደርስ ካለ እሷ ትሻላለች። የሀበሻ ቀሚስ አይልበሱ፣ እርጥብ ሲሆን እግር ላይ ይጠመጠማል፣ እስከ ጉልበት የሆነ ልብስ፣ ነጠላውን ግን ይያዙ፣ ጀንበር ከገባች በኋላ ነሐሴ ላይ ንፋሱ ይበርዳል። ላይፍ ጃኬቱን ነጠላው ላይ ደርበው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያውልቁት፣ "ሌላው ሰው እኮ አልለበሰም" ካሉሽ አንቺም ልበሺ፣ ያኔ አያፍሩም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። በመጀመሪያው ቀን ጀልባ አልልም፣ ወንበር አስወጥቼ አሸዋው ላይ አስቀምጣቸውና ባህሩን ይዩት፣ እግራቸውን ይንከሩት፣ ጨው መሆኑን ይቅመሱት (መቅመሳቸው አይቀርም)፣ ጀልባዎቹ ሸራቸውን ዘርግተው በፀሐይዋ ፊት ሲያልፉ ከዳር ይዩዋቸው። ከዛ ማታ ላይ "ነገ እኛም እንሂድ?" በይያቸው። እሺ ካሉ ጀልባውን ለብቻችሁ ያዢ፣ ከስድስት ከስምንት ሰው ጋር ከሚከፈለው ይበልጣል ግን ካፒቴኑን "ከዳር አትራቅ፣ አንድ ሰዓት ይበቃናል" ማለት ትችያለሽ። እምቢ ካሉ ደሞ አታስጨንቂያቸው፣ የናፈቋቸው አንቺ ነሽ እንጂ ጀልባው አይደለም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ዱባይ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ፣ እዛ ክሪኩ ላይ ባለ መብራቷ ዳው (የአረቦቹ የእንጨት ጀልባ) ላይ ዲነር በልቻለሁ፣ ቡፌ ነው በጣም አሪፍ ነበር። ዛንዚባርም ዳው ነው ሲሉ ሰማሁና ያው ነገር ነው? ደሞ መኪና ላይ እንኳን ያስመልሰኛል፣ ዱባይ ግን ምንም አልሆንኩም። (ከዱባይ የተመለሰች)

መልስ፦ ስሙ ነው አንድ፣ ነገሩ ለየቅል ነው እህቴ። የዱባይዋ ተንሳፋፊ ምግብ ቤት ናት፣ ሁለት ፎቅ፣ ቡፌ፣ ክሪኩም ወደ ከተማው የገባ የተረጋጋ ውሃ ስለሆነ መንቀሳቀሷም አይታወቅም፣ ያልታመምሽው ለዛ ነው። ዛንዚባር ላይ ያለው ክፍት ባህር ነው፣ የሸራ ጀልባ ደሞ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ነው የምትሄደው። ጀልባዋ ራሷ የእጅ ስራ ናት፣ ኑንጉዊ ባህሩ ዳር ላይ ሲሰሩ ቆሜ አይቻለሁ፣ በሳንቃው መሃል ያለውን ክፍተት ጥጥ በኮኮናት ዘይት እየነከሩ በመዶሻና በቀጭን ብረት ይጠቀጥቁታል፣ ውሃ እንዳያስገባ፣ ጧ ጧ የሚለው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ቡፌና መብራት ካማረሽ የዱባይዋ ትበልጣለች፣ ይሄኛው ሌላ ነው፣ እኔ ይሄኛውን እወዳለሁ።

ማስመለሱን በተመለከተ፣ ይሄ የሚመጣው ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን መንቀሳቀስሽን እያወቀ ዓይንሽ ደሞ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ስለሚያይ ነው፣ ስልክ እያየሽ የሚብሰውም ለዛ ነው። ስለዚህ ጀልባው መሃል ላይ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ጫፉ ነው በጣም የሚነሳና የሚወርደው፣ ዓይንሽን ሰማዩና ባህሩ የሚገናኙበት ላይ አድርጊ። ባዶ ሆድ አትውጪ ጠግበሽም አትውጪ። ፋርማሲ የሚሸጠውን ክኒን መውሰድ ካሰብሽ ከመውጣትሽ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰዓት በፊት ነው፣ ካመመሽ በኋላ አይረዳም፣ ያስተኛል ደሞ፣ ከቢራ ጋር በፍጹም አይሆንም፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይ ሌላ መድሃኒት የምትወስጂ ከሆነ ፋርማሲስቱን ሳታማክሪ እንዳትጀምሪ። ከሰሉ የሚነድበትን ቦታ አይተሽ ንፋሱ ጭሱን ወዳንቺ በማያመጣበት በኩል ተቀመጪ፣ አብራን የነበረችው ልጅ ባህሩን ችላው የዓሳው ጭስ ነው የጣላት። አንቺ እንዲያውም እራት የሌለውን ያዢ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ባለቤቴና እኔ በመጪው ወር በትዳር 40 ዓመት ይሞላናል። የጻፍሽውን ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝና "ወይ ጀልባ" አለች። ዛንዚባር አቅማችን አይፈቅድም፣ በአገር ውስጥ የሚመስለው ነገር ይኖር ይሆን? የምንኖረው ዲላ ነው። (ጋሽ መምህር)

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ 40 ዓመት! ዲላ ካሉ ሩቅ አይሂዱ፣ ሐዋሳ ይሂዱ። ሐዋሳ ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምስራቅ ዳር ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ የምትገባው ቀጥታ ሐይቁ ማዶ ካሉት ተራሮች ኋላ ነው፣ ኬንድዋ ላይ ከዶላር ጋር የምናሳድዳትን ጀንበር እርስዎ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ቆመው ያገኟታል።

እንዲህ ያድርጉት። 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፍቅር ሐይቅ ይድረሱ፣ ጀልባዎቹ እዛው ናቸው፣ ዋጋውን በጀልባ ይሁን በሰው መሆኑን ቀድመው ይነጋገሩ። ላይፍ ጃኬት ሳያጠልቁ አይውጡ፣ ጀልባው ትንሽ ስለሆነም ከከሰዓት በኋላ ንፋስ ከተነሳና ውሃው ነጭ ነጭ ማለት ከጀመረ ለሌላ ቀን ያድርጉት፣ ሐይቅ ነው ብለው አይናቁት። ጉማሬ ልይ ካሉም ሰውየው እንዳይጠጋ ይንገሩት፣ ከሩቅ ይበቃል። ማታ ላይ አጥማጆቹ መረባቸውን ሊጥሉ ሲወጡ ያገኟቸዋል፣ ጠዋት ነው የሚያወጡት።

እራቱን ጀልባ ላይ አያስቡት፣ ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ወርደው በመብራት ይብሉ። እኔ ብሆን እንዲያውም እራቱን ቀለል አድርጌ ሌሊቱን እዛው አድሬ በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል የዓሳ ገበያው እሄድ ነበር፣ መረቡ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ ትከሻቸውን ሰብስበው አንጀቱ እስኪጣልላቸው ቆመው ሲጠብቁ፣ ትኩስ ቆሮሶ ሲጠበስ፣ ሾርባውም አለ። ለእትዬ ጀልባው ላይ መሃሉን ይያዙላቸው፣ ጀርባቸው ወደ ከተማው ፊታቸው ወደ ማዶው ይሁን፣ ስትወጡ ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ ብላ ዓይን ትወጋለች፣ ባርኔጣ ይያዙላቸው።